ያረጀች ሞተር ያለው ይጠይቅ

ቀድሜ ልናገር፦ መካኒክ አይደለሁም። ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ በ2007 የገዛኋትን ቦክሰር 150 ሞተር ሳይክል እስከ ዛሬ ወደ ሥራ እመላለስባታለሁ። ቆጣሪዋ 118 ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል፤ ገመዱ ተበጥሶ የቆመበት ወራት ሳይጨመር ነው። ጋራዥ መመላለሱ ሲሰለቸኝ ቁልፍ ገዛሁና የራሴን መፍታት ጀመርሁ፤ ቀጥሎ የጎረቤቴን፣ ከዚያ የጎረቤቴን አማች ሞተር። ለመግባባት ያህል፣ «ሞተሯ» ስል ሙሉዋን፣ «ሞተሩ» ስል ልቧን ነው። ትናንት «ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ የመጣውን እነሆ።

ከሐዋሳ፦ ነርስ ነኝ፣ ጠዋት የምገባበት ሰዓት አይጠብቀኝም። ሞተሬ ጠዋት ጠዋት እንቢ ትላለች። ካንዴላ ቀየርኩ፣ አልረዳም። ጋራዡ «ሞተሩ ካልወረደ አይሆንም» አለኝ። ላውርደው?

እህቴ፣ አይውረድ። ቢያንስ በዚህ ሳምንት አይውረድ።

መጀመሪያ በእግር ምቺያት። በእግር ተነስታ በቁልፍ የማትነሳ ከሆነ ጣጣው ከባትሪው ወይም ከሞተሪኖው ነው፤ ሞተሩ ምንም አላጠፋም። በእግርም እንቢ ካለች ካንዴላውን ፈትተሽ ከኮፍያው ጋር እንዳለ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነኪና አስመቺው፤ ቤንዚን በአጠገቡ አይኑር። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ካለ የኤሌክትሪኩ በኩል ደህና ነው። ቀይና ደካማ ከሆነ ካንዴላ የቀየርሽው በከንቱ ነው፤ ኮፍያውንና የሚመጣበትን ገመድ እዪ። ቀጥሎ ከካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ብሎን አላልተሽ የሚወርደውን ቤንዚን በጠርሙስ ተቀበይ። ከታች የሚንከባለል ጠብታ ካየሽ ውሃ ነው፣ ተገኘ። ይህም ካልሆነ የአየር ማጣሪያው፣ ቾኩ፣ የቫልቭ ክፍተቱ። ሁሉም ተደምሮ የአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ነው።

እንዲህ የምለው ስለተቀጣሁ ነው። በ2012 ክረምት የእኔዋ ዝናብ በነካት ቁጥር መንገድ ላይ ትጠፋ ነበር። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፣ «ፋሻ አልቋል» ተባልኩ (ፋሻ የፒስቶኑ ቀለበት ነው)፣ ሞተሩ ወረደ፣ የወር ደመወዜ አብሮ ወረደ። በሳምንቱ ዘነበ፣ ጠፋች። በመጨረሻ የተገኘው የካንዴላው ኮፍያ ላይ ያለ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ነው። ውሃ ሲገባበት ብልጭታው ወደ ውጭ ይሾልካል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አሮጌውን ጉርኒሲዮን (መጋጠሚያው ላይ የሚገባውን ማሸጊያ) በሲሊኮን ለጥፈው ስለገጠሙት ከዚያ በፊት ጠብ ብሎ የማያውቅ ሞተር ዘይት ማልቀስ ጀመረ። ያረጀ ሞተር ያለ ምክንያት መከፈት አይወድም።

ከአዳማ፦ ሰማያዊ ጭስ። ምን ልሁን?

መቼ ነው የሚጨሰው? ሌሊት አድራ ስትነሳ ትንሽ ጭሳ ከተወች የቫልቭ ጎሚኒ ነው፤ ዘይቱ ሌሊቱን ሲንጠባጠብ ያድራል። ቶሎ አይገድልም። ነዳጅ በሰጠሃት ቁጥር ከኋላህ ያለው ሰው ካሳለ ግን ወደ ፋሻና ሲሊንደር ያመራል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ካንዴላውን አውጥተህ በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምር፣ መልሰህ ግጠምና በእግርህ ምታት። መምቻው ከበፊቱ በግልጽ ከጠነከረ ዘይቱ የፋሻውን ክፍተት ደፍኖለታል ማለት ነው፣ ጥፋተኛው ፋሻ ነው። ለውጥ ከሌለ ቫልቭ ጠርጥር።

ፋሻ ነው ብለህ ደግሞ ነገውኑ አትሩጥ። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት 1 ሊትር ገደማ ነው፤ በ1,000 ኪሎ ሜትር ስንት እንደምትጨምር ጻፍ። 200 ሚሊ ሊትር ከሆነ እየጨመርህ ዓመት ትነዳታለህ፤ መለኪያውን በየሳምንቱ ማየት ብቻ ነው። ግማሽ ሊትር ከደረሰ ይውረድ። ሲወርድም ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይለካ። በተበላ ሲሊንደር ውስጥ አዲስ ፋሻ ብቻ ከትተው የሚመልሱልህ ከሆነ ከሦስት ወር በኋላ እዚያው ትገናኛላችሁ።

ያው ሰው፦ የመኪና ዘይት ብጠቀምስ? ይረክሳል።

አይሆንም። የኛ ሞተሮች ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) እዚያው ዘይት ውስጥ ነው የሚዋኘው። የመኪና ዘይት ብዙ ጊዜ ማንሸራተቻ ቅመም ስላለበት ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ሞተሯ አትሄድም። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ያለበት የባለ አራት ምት ሞተር ሳይክል ዘይት ግዛ፤ ለአሮጌ ቦክሰር 20/50 ይስማማታል። እኔ በአቧራ መንገድ ስለምውል በ2,000 ኪሎ ሜትር እቀይራለሁ። መጽሐፉ ከዚያ በላይ ይፈቅዳል፤ መጽሐፉን የጻፈው ሰው ግን የኛን ኮረኮንች አልነዳም።

ከጎንደር፦ ካቴናዬ ቶሎ ቶሎ ይረግባል። በየሳምንቱ ግራሶ እቀባዋለሁ።

ግራሶው ነው የሚበላው። አቧራውን ይይዝና ወፍጮ ይሆናል። በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠበው፣ አድርቀው፣ ቁጥር 90 የማርሽ ዘይት በስሱ ከውስጥ በኩል አጠጣው፣ የተረፈውን በጨርቅ ጥረግ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የምትቀቡም ተዉ፤ የብረት ብናኝ ያለበት ነው።

ርግበቱ ከታች በኩል መሃል ላይ ሲለካ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፣ ያውም ሰው ተቀምጦባት ይታይ። አጥብቀው የሚወጥሩ ሰዎች የኋላውን ኩሽኔታ ይገድላሉ። የኋላው ጥርስ ጫፉ እንደ ማጭድ ከጎበጠ ካቴናውን ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ ካቴናው፣ የፊቱና የኋላው ጥርስ ሦስቱም አንድ ላይ ይቀየሩ።

ከኮምቦልቻ፦ በየቀኑ ደሴ እወጣለሁ። ዳገቱ ላይ ጉልበት የላትም፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። እዚህ «ካርቡራተር ቀይር» ይሉኛል።

አንተ የምትወጣው ከ1,850 ሜትር ገደማ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ካርቡራተሩ ይህን አያውቅም፤ የለመደውን ያህል ቤንዚን ይሰጣል። ቤንዚን በዝቶ አየር ያንሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ጉልበቱም በየ300 ሜትሩ ሦስት በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ይህን የትኛውም መካኒክ አይመልስልህም፣ ማርሽ ቀንስና ታግሠህ ውጣ።

የሚስተካከለው ጥቁረቱ ነው። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አጽዳ፤ የታፈነ ማጣሪያና ከፍታ አንድ ዓይነት በሽታ ነው የሚያመጡት። ካልበቃ ዋናውን ጄት (በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነውን ቀዳዳ) በአንድ ቁጥር አሳንሰው። ግን አስብበት፦ ለደሴ ያሳነስኸው ጄት ወደ ቆላ፣ ሚሌ ወይም ሎጊያ ስትወርድ ቤንዚን ያሳጥራታል፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይሞቃል። ደሴና ኮምቦልቻ ብቻ ከሆነ ዙርህ ችግር የለውም።

ያልጠየቅኸኝን ልጨምር። ስትመለስ ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተሩን አጥፍተህ በነጻ የምትንከባለል ከሆነ፣ እባክህ ተው። ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ ዐውቃለሁ። ያንተም እንደ እኔዋ ቦክሰር ከሆነች ከበሮ ፍሬን ነው ያላት። ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን ይዘህ ከወረድህ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ ሲግል መያዝ ይተዋል፣ ያን ጊዜ ማርሽ ለማስገባት ብትሞክር ረፍዷል። በወጣህበት ማርሽ ውረድ። የምትቆጥባት ቤንዚን የአንድ ማኪያቶ አትሆንም።

ከአዲስ አበባ፦ በ2011 ሞተር በከተማው ሲከለከል ግቢ ውስጥ ሸራ አልብሼ አቆምኳት። አሁን ክፍለ ሀገር ላለ ወንድሜ ልልክለት ነው። ዝም ብዬ ላስነሳት?

ዝም ብለህ እንዳትመታት! ይህን ያህል ዓመት የቆመ ሲሊንደር ግድግዳው ደርቋል፣ ምናልባትም ዝጓል። ካንዴላውን አውጣ፣ ሁለት ማንኪያ ዘይት ጨምርበት፣ አንድ ሌሊት ይደር። በማግስቱ ካንዴላው እንደ ወጣ በአራተኛ ማርሽ የኋላ ጎማውን በእጅህ አዙር። ከዞረ እግዜር ይመስገን። ካልዞረ ዘይት ጨምረህ ሌላ ሁለት ቀን ጠብቅ እንጂ በጉልበት አትታገል።

የድሮውን ቤንዚን አፍስስ፤ ሽታው ቀለም ቀለም ይላል፣ ለምንም አይሆንም። የቤንዚን ታንከሩን በባትሪ መብራት እየው። ዝገት ካለ መውጫውን ደፍነህ አቼቶ ሙላበት፣ አንድ እፍኝ ትናንሽ ዳዶ ጨምርና ቀንና ሌሊት እያናወጥህ አቆየው። ከዚያ በውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠበው፣ ወዲያው አድርቀህ ጥቂት ቤንዚን በዘይት አንቀርቅብበት፤ እርጥብ ከተውከው በማግስቱ እንደገና ይዝጋል። ካርቡራተሩ ፈጽሞ ሳይፈታ አይነሳም፤ ቤንዚኑ እንደ ማር ደርቆበታል። ጄቶቹን በሽቦ አትጎርጉር፣ ቀዳዳቸው ይሰፋል። በኮምፕሬሰር አየር ይነፋ። የሞተር ዘይቱንም ቀይር።

ጎማው ላይ በሞላላ ክበብ የተጻፉ አራት ቁጥሮች አሉ። 2417 ካለ በ24ኛው ሳምንት፣ በ2017 ተሠራ ማለት ነው። ልብ በል፣ ዓመቱ በፈረንጅ ነው! አንድ ሰው «ያምናውን ጎማ ነው የገዛሁት» ብሎ ሊከራከረኝ ነበር። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎኑ ከተሰነጣጠቀ ወንድምህን አታስቀምጥበት።

ከደብረ ታቦር አካባቢ፦ የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ቢሮው በጨረታ የሸጠውን ያማሃ ኤጂ 100 አነሣሁ። አብዝታ ትጨሳለች፣ ዳገት አትወጣም።

ጥሩ ዕቃ ነው ያነሣኸው። ከግራም ከቀኝም መቆሚያ እግር ያላት፣ ካቴናዋ በሽፋን የተደበቀ፣ ለገበሬ የተሠራች ናት። ባለ ሁለት ምት ስለሆነች መጨሷ ተፈጥሮዋ ነው፤ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ታቃጥላለች። ዳገቱን የከለከላት ግን ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ሳይሆን አይቀርም። የዓመታት ጥላሸት ውስጡን ዘግቶት የጢሱ መውጫ ጠብቧል። የማርሚታውን ጫፍ ፈትተህ የውስጡን ቱቦ አውጣ፣ ጥላሸቱን ቆፍር። በግማሽ ቀን ሌላ ሞተር ትሆናለች።

የዘይት ፓምፑ መሥራቱን አረጋግጥ። ካልሠራና ሳታውቅ ከነዳህ ፒስቶኑ ይጣበቃል። ካልተማመንህበት በየ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት አቀላቅለህ ንዳ፤ ጭሱን ጎረቤት ይቻለው።

ሌላ ጠያቂ፦ ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድ ጠርሙስ ከመንገድ ዳር እገዛለሁ። ይጎዳል?

ሁላችንም ገዝተናል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት መሆኑን ለማወቅ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርግ፤ ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፣ ነጭ ጋዝ ያለበት የቅባት ነጠብጣብ ይተዋል። ውሃውን ለማየት ደግሞ ጠርሙሱን አቁመህ ከሥሩ እይ። ሻጩ ሲቆጣ ሌላ ሻጭ ጋ ሂድ።

አንድ አባት ናቸው፦ ልጄ ያገለገለች ሊገዛ ነው። ምኑን ይይ?

አባቴ፣ ከሞተሩ በፊት ወረቀቱን ይይ። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም፤ ተፍቆ የተመታ የሚመስል ካለ ዋጋው ምንም ያህል ቢጣፍጥ ይተውት። ሻጩ ሊብሬው በስሙ ካልሆነና «ከእገሌ ወደ እገሌ በውክልና የመጣ ነው» ካለ፣ ስም ዝውውሩ ሳይጠናቀቅ ሙሉ ክፍያ አይስጡ። ቦሎው የስንት ዓመት ውዝፍ እንዳለበትም ይጠይቁ።

ለማየት ሲሄዱ ደግሞ ሳይነግሩ በጠዋት ይሂዱ። ሻጭ ሞተሯን ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ የሚደብቀው ነገር አለ። ሞተሩን በእጅ ነክተው ቀዝቃዛ ሲሆን ያስነሣ።

ሌላ ጠያቂ፦ ሞተሬን ሽጬ የኤሌክትሪክ ልግዛ?

ቤትህ ቻርጅ ማድረጊያ ካለህና ዙርህ ከተማ ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ አዎ፣ አስብበት። ባትሪው ሲያልቅ የሚተካልህ ሻጭ ከተማህ ውስጥ መኖሩን ግን ከመግዛትህ በፊት አረጋግጥ። ገጠር ከወጣህ የኔ መልስ አሁን ባለችህ ቆይ ነው።

ከመተማ፦ የቻይና ሞተር አለኝ፣ ሲጂ ዓይነት ነው ይላሉ። ቫልቩ ቲክ ቲክ ይላል፣ ያሳፍረኛል። አጥብቀው እንዲያስተካክሉልኝ?

አታስጠብቅ! ሆንዳ ሲጂ 125ን እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው ጥገና ለማያገኝ አገር ብሎ ነው፤ ቻይናዎቹም እሱን ነው የገለበጡት። ትንሽ ቲክ ቲክ ማለቱ ጤንነቱ ነው። የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው፤ ክፍተቱ የጠፋ ቫልቭ በደንብ አይዘጋም፣ ሙቀቱን ማስወጣት ያቅተዋል፣ ጫፉ ይቃጠላል። በተለይ በመተማ ሙቀት። ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ክፍተቱን በስስ የብረት መለኪያ ለካው፤ ለሲጂ ሁለቱም 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። ያገኘኸውን ቁጥር ላክልኝና እንነጋገራለን።