ዲስክ ወጣ ማለት የግድ ቀዶ ሕክምና ማለት ነው? ለእህታችን ጥያቄ

እህቴ፣ የ38 ዓመቱ ባለቤትሽ ኤምአርአይ ተነሥቶ «የወገብህ ዲስክ ወጥቷል» ከተባለ ሦስት ሳምንት እንደሆነው፣ ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ሲል ቤተሰቡ ደግሞ ወደ ወጌሻ እንውሰደው እንደሚል ጽፈሻል። ዲስክ ማለት በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለ ትራስ ነው፤ ሲወጣ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ሊጫን ይችላል። ያለፍኩበት መንገድ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። ሕመሙ ከወገቤ ተነሥቶ በቀኝ መቀመጫዬ በኩል እስከ ትንሿ የእግር ጣቴ ይወርድ ነበር። ሳል ሲመጣብኝ ግድግዳ እይዛለሁ፤ ካልሲዬን የምታጠልቅልኝ ልጄ ነበረች። በሰው ምክር ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። በሆዴ አስተኝቶ ወገቤን በጉልበቱ ተጫነኝ፤ በማግሥቱ እግሬን መጎተት ጀመርኩ። ወጌሻ ለወለምታ ስንቱን እንዳዳነ አውቃለሁ፤ ነርቭ ለተጫነ ዲስክ ግን እባካችሁ ወገብ አታስረግጡ።

ኋላ ያገኘሁት ሐኪም ፊልሙን ከማየቱ በፊት ጫማዬን አስወልቆ በኮሪደሩ ላይ መጀመሪያ በተረከዜ፣ ቀጥሎ በጣቶቼ አስሄደኝ። በቀኝ እግሬ ጣቶች መቆም ከበደኝ። የፊልሙን ነገር ያስረዳኝም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የወገብ ሕመም የሌለባቸው 98 ሰዎች በኤምአርአይ ሲታዩ፣ ዲስኮቻቸው በሙሉ ደኅና ሆነው የተገኙት 36 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ፊልሙ ብቻውን አይፈርድም፤ የእግሩ ጉልበት አብሮ መታየት አለበት። የወጣው ዲስክም ሁልጊዜ እንደወጣ አይቀርም። ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ቆጥሮ ቀስ በቀስ ሊያሟሟው ይችላል።

በኔዘርላንድስ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ጥናት ብዙ አጽናንቶኛል። ከ6 እስከ 12 ሳምንት በጽኑ የእግር ሕመም የቆዩ 283 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሱ ቶሎ ቀዶ ሕክምና እንዲያገኝ፣ ገሚሱ በመድኃኒትና በፊዚዮቴራፒ እንዲጠብቅ። ቶሎ ቀዶ ሕክምና ያገኙት ከሕመሙ ፈጥነው ተገላገሉ። በዓመቱ ግን በሁለቱም ወገን 95 በመቶው አገግሞ ነበር። እውነቱን ላለመደበቅ፣ ሲጠብቁ ከነበሩት 39 በመቶዎቹ ሕመሙ ስለጸናባቸው ኋላ ቀዶ ሕክምና አድርገዋል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናውን የመከረውን ሐኪም አልነቅፈውም፤ ሦስት ሳምንት ግን ገና ነው።

እኔ ሐኪሙ በየሳምንቱ እግሬን እያየ ጠበቅሁ። አልጋ ላይ አልዋልኩም፤ በየቀኑ በዝግታ እራመድ ነበር። በአራተኛው ወር ካልሲዬን ራሴ አጠለቅሁ። ትንሿ ጣቴ እስካሁን ትደነዝዛለች።

መጠበቅ የማይቻልበት ጊዜም አለ። ሽንት እምቢ ካለው ወይም ካመለጠው፣ ኮርቻ የሚነካው የሰውነቱ ክፍል ከደነዘዘ፣ እግሩ ከቀን ወደ ቀን እየሰነፈ ከሄደ፣ ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰጂው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለው ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ እንዳይሆን ይመርመር።

ዛሬ ማታ ክንዱን ይዘሽ በተረከዙም በጣቶቹም አስሂጂውና ያየሽውን ጻፊልኝ።