የአባ ኮዳ እግር ለምን ነጭ ሆነ? ከሐዋሳ የተለቀሙ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥያቄ ስለቅም ከረምኩ። አንዳንዱ ሰፈር ቡና ላይ የተነሳ ነው። አንዳንዱ ባጃጅ ውስጥ፣ አንዳንዱ ደግሞ አሞራ ገደል አሳ ስንጠብቅ። «ቲቸር፣ ይሄን ነገር ይንገሩን እስቲ» ያላችሁኝ ሁሉ ተራችሁ ደርሷል። የማውቀውን በቀላሉ አስረዳለሁ። ቤት ውስጥ ሊሞከር የሚችል ነገር ካለም እጨምራለሁ።

ጥያቄ፦ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ እግሩ ኖራ የተቀባ ይመስላል። ሲፈለፈል ጀምሮ እንዲህ ነው? (የ9ኛ ክፍል ተማሪ)

አይደለም። የእግሩ ቆዳ ጠቆር ያለ ነው። ነጩ የራሱ ኩስ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ሆን ብሎ እግሩ ላይ ይለቀዋል። ወፍ እንደ ሰው አያልበውም፣ ስለዚህ ሌላ መላ ያስፈልገዋል። ኩሱ እርጥበት አለው። እርጥበቱ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ በእግሩ ውስጥ የሚያልፈው ደምም ይቀዘቅዛል። ሲደርቅ የሚቀረው ነጩ ብቻ ነው።

ይህን ዘዴ እናቶቻችን በደንብ ያውቁታል። የሸክላ እንስራ ውኃ ከላስቲክ ጀሪካን ውኃ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ሸክላው ውኃውን በቀስታ ወደ ውጭ ያሰርጋል። የሰረገው ሲተን የውስጡ ይቀዘቅዛል። እንስራውን ነፋስ ያለበት ጥላ ስር ብታስቀምጡት ደግሞ ይበልጥ ይሠራል።

የጭንቅላቱና የአንገቱ መላጣነትም ምክንያት አለው። ባለፈው ቅዳሜ በቅርብ አየሁት። አንድ ልጅ ቆሮሶ አሳ ሲያጸዳ የሆድ ዕቃውን ወረወረለት። አባ ኮዳው ሳይጣደፍ ሁለት እርምጃ ተራመደ። ያንን ረጅም ምንቃሩን ከፈተ፣ ዋጠው። አንገቱ ላይ ደም ነካው። ትንሽ ቆይቶ ደሙ ደርቆ ተራገፈ። እዚያ ላይ ላባ ቢኖር ኖሮ ተጣብቆ ይሸትበት፣ ተባይም ያፈራበት ነበር።

ጥያቄ፦ ጥሬ አሳ ላይ ሎሚ ስንጨምቅበት ሥጋው ነጭ ይሆናል። በስሏል ማለት ነው? (አሞራ ገደል ከጎኔ ተቀምጦ ይበላ የነበረ ወጣት)

መልኩ በስሏል፣ እሱ ግን አልበሰለም። የአሳ ሥጋ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን በሙቀትም በአሲድም ቅርጹን ይቀይራል። እንቁላል ሲጠበስ ነጩ እንደሚጠነክረው ማለት ነው። ሎሚ አሲድ ስለሆነ የላዩን ያነጣዋል። ነገር ግን አሳ ውስጥ ሊኖር የሚችለውን የጥገኛ ትል እጭ አይገድልም። አዋዜውም ሚጥሚጣውም አይገድለውም። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም «ሎሚ አድርጌበታለሁ» የሚል መተማመኛ በየቀኑ እሰማለሁ።

ትሉን የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ በደንብ ማብሰል ነው፣ ሥጋው መሃሉ ድረስ 63 ዲግሪ ይድረስ። ሌላው በኃይለኛ ቅዝቃዜ ማቆየት ነው፣ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ለ7 ቀን። የቤት ፍሪጅ የላይኛው ክፍል ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም። ጥሬውን የሚወዱ ብዙ ወዳጆች አሉኝ፣ ጣዕሙም ይገባኛል። እኔ ግን ለልጆቼ ጥብሱን ነው የማዝላቸው። ነፍሰ ጡሮችም ጥሬውን ይተዉት።

ጥያቄ፦ ሐይቃችን የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፣ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ታዲያ ለምን ጨው አልሆነም? (ጡረታ የወጡ አባት)

አባቴ፣ ይህ ከደረሱኝ ሁሉ የወደድኩት ጥያቄ ነው። መውጫ የሌለው ሐይቅ ጨው መሆን ነበረበት፣ ልክ ነዎት። ወንዝ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ማዕድን ይዞ ይመጣል። ፀሐይ ውኃውን ትወስዳለች፣ ማዕድኑን ትተወዋለች። ሾርባ እሳት ላይ ረስተውት ውኃው ሲያልቅ ጨው እንደሚበዛበት ማለት ነው። ከእኛ ወደ ሰሜን ያሉት ሻላና አብያታ እንዲህ ሆነው ነው ውኃቸው ሶዳ የሆነው።

የሐዋሳ ሐይቅ የተረፈው ከታች ስለሚያፈስ ነው። መሬቱ በእሳተ ገሞራ የተሠራ፣ ብዙ ስንጥቅ ያለው መሬት ነው። ውኃው በስንጥቁ ቀስ እያለ ይሰርጋል፣ ማዕድኑንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ መውጫ አለው፣ እኛ አናየውም እንጂ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐይቁ ትልቅ ቢመስልም ጥልቀቱ ቢበዛ 22 ሜትር ገደማ ነው። የሚወጣውም በዝግታ ነው። ዳር ላይ የምንጥለው ፌስታል፣ ዘይትና የልብስ ማጠቢያ ሳሙና ጠራርጎ የሚወስድለት ወንዝ የለም። የጣልነው እዚያው ነው ያለው። ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ያደገው ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። ጥርሱ ቡናማ ነው። ሰው ፊት ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። አሁን ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ለልጃችን ይተላለፋል? (በጽሑፍ የደረሰኝ)

እህቴ፣ አይተላለፍም። በዘር የሚመጣ ነገር አይደለም። ካለመፋቅም የመጣ አይደለም፣ ባለቤትሽን በዚህ ያሾፉበት ሁሉ ተሳስተዋል። ምክንያቱ ውኃ ነው።

በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የጉድጓድ ውኃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሃል እያለፈ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይይዛል። ወንጂ፣ ዝዋይ አካባቢ፣ እዚህ ሐዋሳ ዙሪያም ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ይህ ችግር አለባቸው። ፍሎራይድ በትንሹ ለጥርስ ይጠቅማል፣ በጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚጨመረውም ለዚህ ነው። ሲበዛ ግን ገና እየተሠራ ያለውን የጥርስ ጠንካራ ሽፋን ያበላሸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውኃ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም በላይ እንዳይኖረው ይመክራል።

ጥርስ የሚሠራው ድድ ውስጥ ተደብቆ ሳለ ነው፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ። ልጁ በእነዚያ ዓመታት የሚጠጣው ውኃ ነው ወሳኙ። አዋቂ ሰው ከዚያ በኋላ ውኃ ቢቀይርም ቀለሙ አይለቅም። ብዙ ዓመት በጣም ከፍተኛ መጠን የጠጣ ሰው ደግሞ አጥንቱና መገጣጠሚያው ሊጎዳ ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር። ማፍላት አይጠቅምም። ይባስ ብሎ ይጎዳል፣ ምክንያቱም ውኃው ሲተን ፍሎራይዱ ይቀራል፣ ይወፍራል። ክሎሪን መጨመርም ይህን አያስወግድም፣ እሱ ለጀርም ነው። የሚጠቅመው ምንጩን መቀየር ነው። የዝናብ ውኃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። ንጹሕ ጣሪያ ካላችሁ በክረምት በሮቶ አጠራቅሙ፣ ለልጁ መጠጥና ምግብ እሱን ብቻ ተጠቀሙ፣ ከመጠጣቱ በፊት ግን ጀርሙ እንዲሞት አፍሉለት። የከሰለ የከብት አጥንት ፍሎራይድን ይይዛል፣ በዚያ የተሠሩ ማጣሪያዎችም አሉ። ጉድጓዳችሁን ግን በመልክና በጣዕም አትመኑት። ጥርት ያለ፣ ጣፋጭ ውኃም ፍሎራይድ ሊኖረው ይችላል። ላብራቶሪ ይለካ።

ባለቤትሽን ደግሞ እንዲህ በይው። ጥርሱን ያጠቆረው ልጅ ሳለ የተቀዳለት ውኃ ነው። እጁን ከአፉ ላይ ያንሳ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ምስር ሲበስልላት ከእኔ ይዘገያል። ምስሩ ነው ወይስ እጇ? (የሰፈራችን እናት)

እጇም ምስሩም አይደለም፣ ከፍታው ነው። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ይሳሳል። ውኃውን የሚጫነው ሲቀንስ ቶሎ ይፈላል፣ ግን በዝቅተኛ ሙቀት። ጅቡቲ ባሕሩ ዳር ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በ94 አካባቢ ይፈላል። አዲስ አበባ 92 አካባቢ ነው። ሁለት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፣ ለባቄላና ለምስር ግን ለውጥ አለው።

ከሰል የሚቆጥብ ነገር ልንገርዎት። ውኃው አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨምሩበት ሙቀቱ አይጨምርም። ቶሎ ይተናል እንጂ። ክዳኑን ገጥመው፣ እሳቱን ቀንሰው ይተዉት። በእኩል ጊዜ ይበስላል። እህትዎ አቅሙ ካላት ፕሬሸር ኩከር ትግዛ፣ እንፋሎቱን አፍኖ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል።

ጥያቄ፦ ሚጥሚጣ ሲያቃጥለኝ ውኃ እጠጣለሁ፣ ይባስ ያቃጥለኛል።

ሚጥሚጣ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በሚባል ነገር ነው። ካፕሳይሲን ቅባት ይወዳል፣ ውኃ አይፈታውም። ውኃው አፍህ ውስጥ ያሰራጨዋል። ወተት፣ እርጎ ወይም አይብ ያዝ፤ የወተት ፕሮቲን ከምላስህ ላይ ነቅሎ ይወስደዋል። ክትፎ ከአይብ ጋር የሚቀርበው እንዲያው ለውበት ብቻ አይመስለኝም።

የሚገርመው ግን ሚጥሚጣ በእውነት አለማቃጠሉ ነው። ምላሳችን ላይ ከ43 ዲግሪ በላይ ሙቀት ሲነካን «ተቃጠልክ» ብሎ የሚጮህ መቀበያ አለ። ካፕሳይሲን እሱኑ ይነካዋል፣ አንጎላችንም እሳት የነካን ይመስለዋል። ይህን መቀበያ ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ የሚባል ተመራማሪ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ኖቤል ተሸልሟል። የወፎች መቀበያ ደግሞ ለካፕሳይሲን ደንታ የለውም። ዶሮ ቃሪያ ስትለቅም ብታያት አትዘንላት፣ ምንም አይሰማትም።

ጥያቄ፦ ሽንኩርት ስልጥ ለምንድን ነው የማለቅሰው?

ሽንኩርቱ ሲቆረጥ ተለያይተው የነበሩ ሁለት ነገሮች ይገናኙና ዓይን የሚቆጠቁጥ ጋዝ ይፈጥራሉ። ቢላዋውን ሳይው፣ ሽንኩርቱን ቀድመሽ ፍሪጅ ውስጥ አቆይው። ስለት ያለው ቢላዋ ብዙ አይጨፈልቅም፣ ቅዝቃዜው ደግሞ ጋዙን ያዘገየዋል።

ጥያቄ፦ ስልኬን ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ ባሳድረው ይፈነዳል? (ባጃጅ ሹፌር)

ደህና ስልክና ደህና ቻርጀር ከሆነ ሲሞላ ራሱ መቀበል ያቆማል። የአንተ ስልክ ጠላቱ ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ መስታወቱ ስር ፀሐይ ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ እዚያው ቻርጅ ታደርገዋለህ። ባትሪ ሙቀት አይወድም። ኪስህ ውስጥ ወይም ጥላ ላይ አድርገው። ሌሊት ደግሞ ትራስ ስር አታስተኛው። ባትሪው አብጦ ሽፋኑን ከገፋው መጠቀም አቁም፣ እንዳትበሳው።

ጥያቄ፦ እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ለምን ከፈረንጅ በ6 ይለያል?

እኛ ቀኑን ከንጋት እንጀምራለን፣ እነሱ ከእኩለ ሌሊት። የእኛ አቆጣጠር እዚህ የሚመቸው ምድር ወገብ አጠገብ ስለሆንን ነው። ሐዋሳ ላይ በዓመቱ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን ልዩነታቸው አንድ ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ሲል ዓመቱን ሙሉ ሊነጋጋ ነው ወይም ነግቷል። ለንደን ላይ በሰኔ ቀኑ ከ16 ሰዓት በላይ ይረዝማል፣ በታህሳስ 8 ሰዓት እንኳ አይሞላም። እዚያ ንጋትን ተከትሎ ሰዓት መቁጠር አይቻልም፣ ንጋቱ ይሸሻል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል የሚሸተው ነገር ምንድን ነው?

አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ጂኦስሚን የሚባል ነገር ነው። የዝናብ ጠብታ ደረቅ አፈር ላይ ሲያርፍ ጥቃቅን አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋው ሲፈነዳ ሽታውን አየር ላይ ይረጨዋል። የሰው አፍንጫ ይህን ሽታ በጣም በትንሹም ይለየዋል። ቀይ ሥርና አምባዛ አንዳንዴ አፈር አፈር የሚሉትም በእሱ ነው።

ጥያቄ፦ ማታ በባጃጅ ስንሄድ ጨረቃ ለምን ትከተለናለች? (የ6 ዓመት ልጅ፣ እናቷ ጉልበት ላይ ሆና)

የኔ ቆንጆ፣ ጨረቃ ከቦታዋ አልተነሳችም። ስትሄዱ መጀመሪያ መንገድ ዳር ያሉትን ዛፎች እያቸው። እየበረሩ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ አይደል? ቅርብ ስለሆኑ ነው። ከዚያ ታቦር ተራራን እይው። እሱ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚቀረው፣ ራቅ ስላለ። ጨረቃ ደግሞ 384,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ባጃጁ ከመናኸሪያ እስከ ቤታችሁ ቢሄድ ለእሷ ምንም አይደለም። ዛፉ ሲቀር፣ ተራራው ሲቀር፣ እሷ ብቻ ሳትቀር ስለምታያት የተከተለችሽ ይመስልሻል።

ማታ ስትሄዱ መጀመሪያ ዛፉን፣ ቀጥሎ ታቦርን፣ ቀጥሎ ጨረቃን እያቸው። የቱ ቶሎ እንደቀረ ለእማዬ ንገሪያት።