«ጌሙ ሲወጣ እንካስሃለን» ብለውኛል፤ ልጠብቅ?

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለ ትንሽ የጌም ስቱዲዮ የካራክተር ሥዕል እሠራለሁ። ደመወዜ 10,400 ብር ነው። ሥራውን እወደዋለሁ። ግን ከአምስት ወር ወዲህ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት እንሠራለን፣ እሑድም አለ። በቴሌግራም ግሩፓችን «ሳይጨርስ የሚወጣ እንዳይኖር» ይሉናል። ስጠይቅ «ፍሪላንሰር ነህ፣ ኦቨርታይም አይመለከትህም፤ ጌሙ ሲወጣ ቦነስ አለ» ይሉኛል።

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ግን ቶሎ በል። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ መከፈል ከነበረበት ቀን አንስቶ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይቀራል። የጌም መውጫ ቀን ደግሞ እንደ ጎማ ይለጠጣል። ቦነስ ስትጠብቅ የመጀመሪያው ወር ሒሳብህ ያመልጥሃል።

«ፍሪላንሰር» የሚለው ስም አያስደንግጥህ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ እየተከፈለህ በአሠሪ አመራር ሥር ከሠራህ ሠራተኛ ነህ። ጠዋት 3 ሰዓት ግባ ይሉሃል? ለመቅረት ፈቃድ ትጠይቃለህ? በእነሱ ኮምፒውተር ትሠራለህ? ዳኛው የሚያየው ይህንን ነው። ሥዕሉን በዋጋ ተስማምተህ፣ በራስህ ሰዓት ሠርተህ የምታስረክብ ቢሆን ግን ክርክሩ ይከብድህ ነበር።

መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። በወር 208 ይመጣል፤ ያንተ አንድ ሰዓት 50 ብር ማለት ነው። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ በ1.5 ተባዝቶ 75 ብር፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 87.50፣ የእረፍት ቀንህ 100፣ የበዓል ቀን 125 ብር ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍም የለበትም። «አስቸኳይ ሥራ ነበር» ይሉህ ይሆናል። አንድ ሳምንት ያስኬዳል፤ አምስት ወር ግን ምን ዓይነት አስቸኳይ ነው? አሜሪካ ውስጥም ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው የጌም ኩባንያ ሠዓሊዎቹ በትርፍ ሰዓት ከሰውት 15.6 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማምቷል።

ሥራውን መውደድህ ቅናሽ አያሰጣቸውም። እዚያ ግን ባትደጋግመው ይሻላል!

ትርፍ ሰዓቱ በአሠሪው ትእዛዝ መሠራቱን ማሳየት አለብህ። «ሳይጨርስ የሚወጣ እንዳይኖር» የምትለዋን የቴሌግራም መልእክት ዛሬውኑ ስክሪንሾት አድርጋት። ነገ ከግሩፑ ሊያስወጡህ ይችላሉ። የጥበቃው መውጫ መዝገብም ይጠቅማል።

ሥዕሉ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ንብረት ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ የማለት መብት ግን ያንተ ነው፤ ስምህ ይጻፍልኝ በል።

አሁን ሒሳቡን በወር በወር ሠርተህ በደብዳቤ ጠይቃቸው። ዕዳውን በጽሑፍ ካመኑ ይርጋው ይቋረጣል። ዝም ካሉ ወረዳ ፍርድ ቤት፣ የሥራ ክርክር ችሎት ሂድ። ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም።