ክፉና ደጉን የምንለየው በተፈጥሮ ነው ወይስ በአስተዳደግ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ግብረገብ አመጣጥ የሚጠይቁ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ተፈጥሮ የምትመርጠው ራሱን የሚያስቀድመውን ከሆነ፣ ለሌላው ብሎ የሚጎዳ ፍጡር እንዴት እስከ ዛሬ ቆየ? ዘሩ ቀድሞ መጥፋት አልነበረበትም?

መልስ፦ ጥያቄው ዳርዊንንም ያስጨነቀ ነው። ለወገኑ ሕይወቱን የሚሰጥ ሰው ብዙ ጊዜ ጠባዩን የሚወርስ ልጅ ሳይተካ እንደሚሞት፣ በ1871 ስለ ሰው አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ ጽፏል። የመልሱን ቁልፍ ያገኘው በ1964 እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ዊልያም ሃሚልተን ነው። ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሻገረው ግለሰቡ ሳይሆን የዘረመሉ፣ ማለትም ጠባይን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያወርሰው ቅንጣት፣ ቅጂ ነው፤ ያው ቅጂ ደግሞ በዘመዱም ውስጥ ሊኖር ይችላል። የዝምድናው መጠን በአባትም በእናትም ለሚገናኙ ወንድምና እህት 0.5፣ በአንድ ወላጅ ብቻ ለሚገናኙ 0.25፣ ለአጎት ወይም ለአክስት ልጅ 0.125 ነው። ይህ ቁጥር ተረጂው በሚያገኘው ጥቅም ተባዝቶ ከረጂው ኪሳራ ከበለጠ፣ የመርዳት ጠባይ ይስፋፋል።

በቁጥር እንየው። አንድ እንስሳ ሌላውን በመርዳቱ ሊወልደው ይችል የነበረ አንድ ግልገል ይቀርበታል፤ ተረጂው በአንጻሩ ሦስት ተጨማሪ ግልገሎች ያሳድጋል እንበል። ተረጂው ወንድሙ ከሆነ 0.5 × 3 = 1.5 ይመጣል፤ ከ1 ስለሚበልጥ ጠባዩ ይተርፋል። ተረጂው የአጎቱ ልጅ ከሆነ ግን 0.375 ብቻ ስለሚሆን ይከስማል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እንስሳው ይህን ሒሳብ በልቡ የሚያሰላ ይመስለዋል። አያሰላም። የሚመራው በምልክት ነው፤ ከምልክቶቹ አንዱ “አብሮኝ ያደገ ዘመዴ ነው” የሚል ነው። አሠራሩ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ምልክቱ ሲሳሳት ነው። በእስራኤል ኪቡትዝ በሚባሉት የጋራ ኑሮ መንደሮች የማይዛመዱ ሕፃናት በእኩዮች ቡድን ተመድበው በአንድ ቤት ያድጉ ነበር። ተመራማሪው ጆሴፍ ሼፈር 2,769 ጋብቻዎችን ሲመረምር፣ እስከ ስድስት ዓመታቸው ሳይቋረጥ በአንድ ቡድን ባደጉ ሰዎች መካከል የተፈጸመ ጋብቻ አላገኘም። እንዳይጋቡ የከለከላቸው ሕግ አልነበረም። አብሮ ማደጋቸው ብቻ እንደ እህትና ወንድም እንዲተያዩ አደረጋቸው።

ለማይዛመደን ሰው ለምን ደግ እንሆናለን ለሚለው ደግሞ አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ሮበርት ትሪቨርስ በ1971 መልሱን ከውለታ ውስጥ አወጣው። ደም መጣጭ የሌሊት ወፍ ሁለት ሦስት ሌሊት ካልበላች ትሞታለች። ጄራልድ ዊልኪንሰን በኮስታ ሪካ እንዳጠናው፣ ጠግባ የተመለሰችው ለተራበችው ደም አስመልሳ ታጎርሳታለች፤ የምታጎርሰው ግን ዘመዷን ወይም ማደሪያ ደጋግማ የምትጋራትን ነው። ውለታ ሥር እንዲይዝ ወገኖቹ ደጋግመው መገናኘት፣ መለያየት መቻል፣ ያለፈውን ማስታወስ አለባቸው፤ ሰጪው የሚያጣውም ተቀባዩ ከሚያገኘው ማነስ አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ አታላዩ ያሸንፋል። ዳግም በማይገናኙ ሰዎች መካከል መታለል የሚበዛውም ለዚህ ነው። በትሪቨርስ አባባል ስሜቶቻችን የዚህ ሥርዓት ጠባቂዎች ናቸው፦ ምስጋና ብድር ያስመልሰናል፣ ቁጣ አታላዩን ያርቅልናል፣ ጸጸት ያጎደልነውን ሳንገለል እንድንክስ ያደርገናል። እኛም ከሐሳቡ ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ይሄ ነው እንላለን።

ጥያቄ፦ ሕፃናት ገና አፍ ሳይፈቱ ደጉን ከክፉው ይለያሉ የሚል አንብቤያለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ያነበቡት በ2007 የወጣውን ጥናት ይመስለናል። ሕፃናቱ ዓይን የተለጠፈበት እንጨት ዳገት ሊወጣ ሲታገል ያያሉ፤ አንዱ ቅርጽ ከታች እየገፋ ይረዳዋል፣ ሌላው ከላይ ወደ ታች ይመልሰዋል። ኋላ ሁለቱ ሲቀርቡላቸው ከ16ቱ የአሥር ወር ሕፃናት 14ቱ፣ ከ12ቱ የስድስት ወር ሕፃናት ደግሞ ሁሉም እጃቸውን ወደ ረጂው ዘረጉ። ውጤቱ በዓለም ተናኘ። ነገር ግን በብዙ አገሮች ያሉ ላብራቶሪዎች በጋራ፣ በጣም በሚበልጥ የሕፃናት ቁጥር ሙከራውን ደግመው በ2024 ሲያሳትሙ፣ ምርጫው ሳንቲም ከመወርወር አልተለየም። ስለዚህ ይህን ጥናት እንደ ማስረጃ አንጠቅስም።

ጸንቶ የቆየው ስለ 18 ወር ሕፃናት የተገኘው ነው። ፌሊክስ ዋርነከንና ማይክል ቶማሴሎ በ2006 እንዳሳዩት፣ አንድ የማያውቁት ሰው የልብስ መቆንጠጫ ወድቆበት እጁን ዘርግቶ ሲቸገር ሕፃናቱ ሄደው ያቀብሉታል። ሆን ብሎ ከወረወረው ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ፤ ስለዚህ ዕቃ ማንሳት ስለሚወዱ ብቻ አይደለም። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ሌላ ጥናት፣ ለረዱበት አሻንጉሊት የተሸለሙት ሕፃናት ሽልማቱ ሲቋረጥ፣ ምንም ካልተሰጣቸው ያነሰ ረድተዋል። ትንሽ ልጅ ላላችሁ፦ በራሱ ተነሥቶ የረዳን ልጅ በዕቃ አትክፈሉት።

ጥያቄ፦ ከግብረገባችን ስንት በመቶው ከተፈጥሮ፣ ስንት በመቶው ከባህል ነው?

መልስ፦ በመቶኛ አይከፈልም፤ ለምን እንደማይከፈል አንድ ሙከራ ያሳያል። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አጥኚው በየፊታቸው ጣፋጭ ያስቀምጣል። አንዱ ልጅ ብቻ ሁለት እጀታ ይይዛል፤ አረንጓዴውን ከሳበ ሁለቱም በየፊታቸው ያለውን ያገኛሉ፣ ቀዩን ከሳበ ጣፋጩ ሁሉ መሐል ወዳለው ዕቃ ይወድቅና ለማንም አይደርስም። አሁን ለወሳኙ ልጅ 1፣ ለሌላው 4 ይቀመጣል። ቀዩን የሚስብ ልጅ የራሱን አንድ ጣፋጭ አጥቶ ነው አድልዎውን የሚያፈርሰው።

በ2015 የታተመው ይህ ጥናት ከ4 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን በካናዳ፣ በሕንድ፣ በሜክሲኮ፣ በፔሩ፣ በሴኔጋል፣ በኡጋንዳና በአሜሪካ ፈትኗል። “ለእኔ አነሰኝ” ብሎ እምቢ ማለት በሰባቱም ታየ፤ የሚጀምርበት ዕድሜ ብቻ ይለያያል። ከዚያ ተገልብጦ ለወሳኙ 4፣ ለሌላው 1 ሲደረግ፣ “ለእኔ በዛ” ብለው እምቢ ያሉት በካናዳ፣ በአሜሪካና በኡጋንዳ ያሉት ከፍ ያሉ ልጆች ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው ስሜት የትም የሚበቅል ይመስላል፤ ሁለተኛው ግን አንዳንድ ማኅበረሰብ በተወሰነ ዕድሜ ላይ አጥብቆ የሚያሳድገው ነው። ታዲያ ሁለተኛው ያለ መጀመሪያው ከምን ይበቅል ነበር?

በአዋቂዎችም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ጆሴፍ ሄንሪክና ባልደረቦቹ በ15 አነስተኛ ማኅበረሰቦች አንድ የገንዘብ ማካፈል ጨዋታ አካሄዱ። አንዱ ሰው ከተሰጠው ላይ የፈለገውን ያህል ለሌላው ያቀርባል፤ ሌላው እምቢ ካለ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። በፔሩ የማቺጌንጋ ሰዎች በአማካይ 26 በመቶ አቀረቡ፤ ትንሽ ነው ብሎ የሚመልስም አልነበረም ማለት ይቻላል። በኢንዶኔዥያ፣ በአንድ ታንኳ ተባብረው ዓሣ ነባሪ የሚያድኑት የላማሌራ ሰዎች 58 በመቶ ሰጡ። ከሁሉ የሚደንቀው ግን የፓፑዋ ኒው ጊኒው የአውና የግናው ነው፦ ከግማሽ በላይ ሲቀርብላቸው እንኳ የሚመልሱ ነበሩ። እዚያ ያልጠየቁትን ትልቅ ስጦታ መቀበል የውለታ ዕዳ ተሸክሞ የሰጪው የበታች መሆን ነው። ውለታን መቁጠር የሰው ሁሉ ነው፤ ስንት ሲሆን ስጦታው ሸክም እንደሚሆን የሚወስነው ግን ባህሉ ነው።

ጥያቄ፦ በአንጎል ውስጥ የሕሊና ቦታ አለ?

መልስ፦ አንድ ቦታ የለም። ይሁንና ከግንባር በስተጀርባ፣ ከዓይን በላይ ያለው የአንጎል ክፍል ትልቅ ድርሻ አለው። ይህ ክፍል በአዋቂነት የተጎዳበት ሰው ስለ ትክክልና ስሕተት ሲጠየቅ በደንብ ይመልሳል፤ በኑሮው ግን አይሆንለትም። የአንጎል ተመራማሪው አንቶኒዮ ዳማሲዮና ባልደረቦቹ በ1999 የገለጿቸው፣ 16 ወር ሳይሞላቸው የተጎዱ ሁለት ሰዎች ደግሞ ሲጠየቁም መመለስ አቃታቸው። በጥሩ ቤተሰብ ነው ያደጉት። የአስተዳደግ ትምህርት የሚይዘው፣ ስሜቱን ከትምህርቱ ጋር የሚያያይዘው አካል ሲኖር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ጥያቄ፦ ግብረገብ የዝግመተ ለውጥ ውጤት ከሆነ እኔን የሚገዛኝ ለምንድን ነው?

መልስ፦ “ነው” እና “መሆን አለበት” ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ከአንዱ ዝም ብሎ ወደ ሌላው መሻገር እንደማይቻል ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ18ኛው ክፍለ ዘመን አመልክቷል። ይህ በሁለቱም በኩል ይሠራል። ለወገን ማድላት ተፈጥሯዊ መሆኑ ትክክል አያደርገውም፤ ርኅራኄ ተፈጥሯዊ መሆኑም ዋጋ አያሳጣውም። የመቁጠር ችሎታችንም ከአንጎላችን የመጣ ነው፣ 7 እና 5 ግን 12 መሆናቸው በዚህ አይጠረጠርም። ለአማኝ አንባቢዎቻችንም፦ ሳይንሱ የሚነግረን ችሎታው በምን መንገድ እንደደረሰን ነው። ከመንገዱ በስተጀርባ ማን አለ የሚለውን አይመልስም።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጅ አለችኝ። ጓደኛዋን የማትመታው ቅጣት ፈርታ ነው ወይስ ገብቷት? እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

መልስ፦ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤሊየት ቱሪኤል የጀመረው አጠያየቅ አለ፤ ቤት ውስጥ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሁለት ድርጊት ይምረጡ፤ አንዱ ሰው የሚጎዳ ይሁን፣ ለምሳሌ መምታት፣ ሌላው ደንብ ብቻ ይሁን፣ ለምሳሌ በሌሊት ልብስ ትምህርት ቤት መሄድ። ስለ እያንዳንዱ በየተራ ይጠይቋት፦ “ጥሩ ነው መጥፎ? ለምን? መምህሯ ብትፈቅድስ? እንዲህ የሚከለክል ሕግ በሌለበት ሌላ ትምህርት ቤትስ?” የገባት ልጅ በልብሱ ላይ “ከተፈቀደማ ይቻላል” ትላለች፣ በመምታቱ ላይ ግን “ቢፈቀድም መጥፎ ነው፣ ያማል” ትላለች። ብዙ ልጆች በሦስትና በአራት ዓመታቸው ይህን ይለያሉ።

ሙከራውን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ጠያቂው ነው። በተቀጣችበት ቀን አይጠይቋት፤ ስለ እሷ ሳይሆን ስለ ሌላ ልጅ አድርገው ያቅርቡት። ድምፅዎ ወይም ፊትዎ መልሱን ከነገራት የምትመልሰው የእርስዎን ነው። ሁለት ቀን አልፎ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ይድገሙት። በመምታቱም ላይ “መምህሯ ከፈቀደችማ” ካለች ቁጣ አይጨምሩ፤ በሚቀጥለው ጊዜ “ሕጉ ይከለክላል” በማለት ፈንታ የተመታውን ልጅ ፊት አሳይተው “ምን የተሰማው ይመስልሻል?” ብለው ይጀምሩ።