የኮምቦልቻው የጾም ሙዝ ዳቦ ደሴ ላይ ለምን ይሰምጣል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ደሴ ነው። ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ በጾም የምትጋግረው የሙዝ ዳቦ አለ፤ እንቁላልም ወተትም የለውም። እሷ ቤት ተነፍቶና ለስልሶ ይወጣል። እኔ በዚያው አሠራር ስጋግረው መጀመሪያ ቶሎ ይነፋና ከዚያ መሐሉ ይሰምጣል። ዳር ዳሩ ሊያርር ደርሶ ውስጡ ገና ሊጥ ነው። እንቁላል ስለሌለው ይሆናል ብዬ ቤኪንግ ፓውደር ጨመርኩ፤ ባሰበት። አንድ ሙዝ ጨመርኩ፤ ጭራሽ ረጠበ። የምጠቀመው 2 ኩባያ ዱቄት፣ 3 ሙዝ፣ 1 ኩባያ ስኳር፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ነው። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ የእጅሽ ችግር አይደለም፤ የአክስትሽም አሠራር ጥሩ ነው። ችግሩ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት መውጣቱ ላይ ነው።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ከፍታው ግን ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነስቶ 2,500 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ኮምቦልቻ የገዛሽው የታሸገ ቺፕስ ደሴ ስትደርሺ ተነፋፍቶ አይተሽው ይሆናል። እላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ውስጡ ያለው አየር ይለጠጣል። ሊጥሽም ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። ቤኪንግ ፓውደሩና ሶዳው የሚያወጡት ጋዝ ደሴ ላይ የበለጠ ይለጠጣል። ሊጡ ገና ሳይጠና አረፋው ይተልቅና ይፈነዳል፤ መሐሉም ቁጭ ይላል። ቤኪንግ ፓውደር ስትጨምሪ የባሰው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሙቀት ነው። ውሃ ኮምቦልቻ ላይ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ደሴ ላይ በ92 ገደማ። ክክ ደሴ ላይ የሚዘገየውም በዚህ ነው። የዳቦው መሐል እርጥብ እስከሆነ ድረስ ሙቀቱ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ቀስ ብሎ ይበስላል።

አሁን ወደ እንቁላሉ እንምጣ። እንቁላል ሊጡን ያያይዛል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይጠናና የአረፋውን ግድግዳ ያቆማል። ብዙ ሰው «በእንቁላሉ ፋንታ አንድ ሙዝ ጨምሩ» ይላል። ለሌላ ኬክ ያስኬድ ይሆናል፤ ለሙዝ ዳቦ ግን አልመክርም። ሙዙ ቀድሞም በልኩ አለ። ስትጨምሪበት ውሃና ስኳር ነው የጨመርሽው፤ የሚያቆም ነገር አላገኘም።

እኔ የምመርጠው ተልባ ነው። በየቤቱ አለ፣ ለጾምም ይሆናል። ለአንድ እንቁላል 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጪና 10 ደቂቃ አስቀምጪው። በማንኪያ ስታነሺው እየተሳበ መዝለግለግ አለበት። ካልተዝለገለገ አልደቀቀም ማለት ነው፤ እንደገና ፍጪው። ለመጠጥ ተቆልቶ የተፈጨውም ይሠራል፣ መልኩን ትንሽ ያጠቁረዋል እንጂ። ግን አንድ ነገር ልብ በይ፤ ተልባ ያያይዛል፣ እንደ እንቁላል ግን አይጠናም። ዳቦውን የሚያቆመው ዱቄቱ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ያለ እንቁላል ሲጋገር የአገሩ ከፍታ ችግር ጎልቶ የሚታየው።

ለደሴ እንዲህ አድርጊው። 250 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ ተልጦ 300 ግራም የሚሆን የበሰለ ሙዝ (መካከለኛ 3 ፍሬ ነው)፣ 120 ግራም ስኳር፣ 80 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ተልባ በ6 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ተበጥብጦ። ቤኪንግ ፓውደር 1 የሻይ ማንኪያ፣ ልክ ልኩን፣ በቢላ ተስተካክሎ። ሶዳ ሩብ የሻይ ማንኪያ። 2 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ቁንጥር ጨው፣ ከወደድሽ ቀረፋ። ስኳሩን የቀነስኩት ለጤና ብዬ አይደለም። ስኳር ሲበዛ ሊጡ ሳይጠና ይቆያል፤ እዚህ ደግሞ የምንፈልገው ቶሎ እንዲጠና ነው።

ሙዙ ልጣጩ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ ይሁን። በደሴ ብርድ ጥሬ ሙዝ ቶሎ አይበስልም፤ ከቲማቲም ጋር ካርቶን ውስጥ ዝጊበት።

ኦቨኑን ቀድመሽ ለኩሺው፤ ሊጡ ሳይጀመር ቢያንስ 20 ደቂቃ በ190 ዲግሪ ይሙቅ። ሙዙን በሹካ ፍጪ፣ ከዘይቱ፣ ከስኳሩ፣ ከተልባውና ከሎሚው ጋር አዋህጂ። ዱቄቱን ከቤኪንግ ፓውደሩና ከሶዳው ጋር ለብቻ ነፍተሽ መጨረሻ ላይ ጨምሪ። ከዚህ በኋላ አታብዢ። ደረቅ ዱቄት መታየቱን ሲያቆም ተዪው፤ ትንሽ ቢጓጉልም ግድ የለም። ብዙ ሲማሰል ዳቦው ይጠነክራል። ሊጡን ደግሞ አታሳድሪው፣ አታቆይውም። ሶዳው ሎሚውን እንዳገኘ ሥራ ይጀምራል፤ ወዲያው ወደ ኦቨን።

ፓትራሽ ጥልቅና ጠባብ ከሆነ ሰፋና ዝቅ ባለው ቀይሪው። በጥልቁ ሲሆን ዳሩ አርሮ መሐሉ የሚቀረው የታወቀ ነው። ሊጡም ከግማሹ ብዙ አይለፍ።

እስከ 35 ደቂቃ ድረስ ኦቨኑን አትክፈቺ። ከዚያ በኋላ ላዩ ከጠቆረ ፎይል አልብሺው። ዝቅ ባለ ፓትራ ከ40 እስከ 50 ደቂቃ፣ በጥልቁ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። መሐሉ ላይ ስቴኪኒ ውጊበት፤ የሙዝ እርጥበት ቢይዝ ችግር የለም፣ ሊጥ ከያዘ ግን መልሺው። ቴርሞሜትር ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። ኢንተርኔት ላይ «የዳቦው ውስጥ 96 ይድረስ» የሚለው ለቆላ አገር የተጻፈ ነው። ደሴ ላይ 96 እስኪል ከጠበቃችሁ ዳቦውን አድርቃችሁታል። 90 ሲል በቃ፣ አውጡት።

ካወጣሽው በኋላ 10 ደቂቃ በፓትራው ይረፍ፣ ከዚያ አየር በሚያገኘው ሽቦ ላይ አድርጊው። በትኩሱ አትቁረጪው። ያለ እንቁላል የተጋገረ ሙዝ ዳቦ ውስጡ የሚረጋው ሲቀዘቅዝ ነው፤ በትኩሱ ከተቆረጠ የበሰለውም ያልበሰለ ይመስላል።

ይህን ሁሉ አድርገሽ አሁንም ትንሽ ከሰመጠ ሶዳውን ጨርሶ ተዪው እንጂ ሌላ ነገር አትንኪ። ሁለት ሦስት ነገር አንድ ላይ ከቀየርሽ የትኛው እንደረዳሽ አታውቂም። መሐል ላይ መብራት ከጠፋ ግን የዚያን ቀን ዳቦ አትቁጠሪው። ሊጡ ሳይጠና ሙቀቱ ከወረደ ማንም ጋግሮት አይነሳም። የሰመጠውን አትጣይው፣ በስሱ ቆርጠሽ ኦቨን ውስጥ አድርቂውና ከሻይ ጋር ይበላል።

አክስትሽ ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ የራሷን ልክ ትቀጥል። ተልባውን ግን ንገሪያት፤ እዚያም ይጠቅማታል።