ቴስተሩ 15 ቮልት እያሳየ አላርሙ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ የቤቴ የሌባ አላርም አዳፕተር ተቃጠለና ሌላ ገዝቼ ቀየርኩ። የድሮውም አዲሱም 15 ቮልት ይላሉ። አዲሱን በቴስተር ስለካው 15.2 አሳየኝ። በሩ ሲከፈት ግን ሳይረኑ ለአፍታ ጮኾ ዝም ይላል። የአላርሙ መቆጣጠሪያ ሳጥን መብራትም ጠፍቶ እንደገና ይበራል፣ ከዚያ መልሶ ይጮኻል። አንዱ ጓደኛዬ «አምፔሩ ከፍ ያለ ግዛ» ይለኛል፣ ሌላው «ያቃጥልብሃል» ይላል። የሁሉንም ዕቃ ፎቶ ልኬያለሁ። የጭስ ማንቂያዬም ሌሊት ሌሊት ጢጥ እያለ አስቸግሮኛል፤ ባትሪው ሲለካ ግን ደህና ነው።

መልስ፦ የመጀመሪያውን ጓደኛዎን ይስሙ። አዳፕተሩ አንሶብዎታል። ፎቶዎቹን ሳይ ግን ይበልጥ ያሳሰበኝ ባትሪው ነው። ወደ እሱ እመጣለሁ።

የድሮው አዳፕተር «15 ቮልት፣ 2 አምፔር» ይላል። አዲሱ «15 ቮልት፣ 0.5 አምፔር» ነው። ቮልቱ ያው ነው፣ አቅሙ ግን ሩብ ሆኗል። ዋት የሚገኘው ቮልቱን በአምፔሩ በማባዛት ነው። የድሮው እስከ 30 ዋት መስጠት ይችል ነበር፤ አዲሱ 7.5 ዋት ላይ ያበቃል። ሳይረኑ ላይ የተጻፈው ደግሞ 12 ቮልት፣ 1 አምፔር ነው። ብቻውን 12 ዋት ይፈልጋል ማለት ነው። ሳጥኑና ሴንሰሮቹም ምንም ሳይጮኽ 0.2 አምፔር ገደማ ይወስዳሉ።

ሳይረኑ ሲነሳ አዳፕተሩ ከአቅሙ በላይ ይጠየቅና ቮልቱ ይወርዳል። ቮልቱ ሲወርድ ሳጥኑ ይጠፋል። ሳጥኑ ሲጠፋ ሳይረኑም አብሮ ዝም ይላል፣ ጭነቱ ይቀላል፣ ቮልቱ ይመለሳል፣ ሳጥኑ ይነሳል። ያዩት መመላለስ ይሄ ነው።

ታዲያ ቴስተሩ ለምን 15.2 አለ? የለኩት ያለ ጭነት ስለሆነ ነው። ቴስተር ራሱ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም። የተሸካሚ ጉልበት የሚታወቀው ኩንታሉ ትከሻው ላይ ሲወጣ ነው፣ አዳፕተርም እንደዚያው። ስለዚህ የቴስተሩን ቀይና ጥቁር ጫፍ ሳጥኑ ውስጥ አዳፕተሩ የሚገባበት ቦታ ላይ ይያዙ፤ ሌላ ሰው በሩን ይክፈት። እየጮኸ የሚያዩት ቁጥር ነው እውነተኛው። ጆሮዎን ግን ይሸፍኑ፣ ሳይረን በቅርብ ሲጮኽ ጆሮ ይጎዳል።

የሁለተኛው ጓደኛዎ ስጋት ብዙ ሰው ያለበት ነው። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈው አምፔር ሊሰጥ የሚችለው ጣሪያ ነው፣ ዕቃው ላይ የሚገፋው አይደለም። 5 አምፔር ቢሰኩለትም አላርምዎ የሚወስደው ያችኑ 1.2 አምፔር ገደማ ነው። ዕቃ የሚያቃጥለው ከፍ ያለ ቮልት ነው። የላፕቶፕ አዳፕተር 19 ቮልት አካባቢ ነው፤ ጫፉ ስለገባ ብቻ እንዳይሰኩት። አዲሱን ሲገዙ ሦስት ነገር ይዩ፦ ቮልቱ እኩል ይሁን፣ አምፔሩ 2 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፣ ዲሲ (አቅጣጫው የማይቀያየር ኤሌክትሪክ) መሆኑንና የፖዘቲቭና ኔጌቲቩን አቀማመጥ ከድሮው ጋር ያመሳክሩ። ኤሲ (እንደ ግድግዳው ሶኬት አቅጣጫው የሚቀያየር) የሚፈልጉ የአላርም ሳጥኖችም አሉ፣ የእርስዎ ግን ዲሲ ነው።

አሁን ባትሪው። ሳጥኑ ውስጥ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የሚል የሊድ አሲድ ባትሪ አለ። ይህ ባትሪ ደህና ቢሆን ኖሮ አዳፕተሩ ቢያንስም የጎደለውን እሱ ይሞላ ነበር፣ ሳጥኑም አይጠፋም ነበር። ስለዚህ ወይ ሞቷል፣ ወይ ሽቦው ወልቋል፣ ወይ ፊውዙ ተቃጥሏል። መብራት በጠፋ ቁጥር ቤትዎ ያለ ጠባቂ እየቀረ ነው ማለት ነው። ይህን ዛሬውኑ ይፈትሹ።

አዳፕተሩን ከሶኬት ይንቀሉ። ሳጥኑ ወዲያው ከጠፋ ባትሪው እየሠራ አይደለም ማለት ነው። ካልጠፋ ሳይረኑን ያስጩኹና የባትሪውን ጫፎች ይለኩ። የሞላ ባትሪ ለጥቂት ሰዓት አርፎ ሲለካ 12.7 ቮልት አካባቢ ነው። 12.0 ካሳየ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ቁጥሩ ሊያታልልዎ አይገባም። እየጮኸ በአንድ ሁለት ደቂቃ ወደ 10.5 ከወረደ መቀየር አለበት። እነዚህ ባትሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው የሚያገለግሉት። ሲቀይሩ ያው ዓይነት ያስገቡ፤ በሊድ አሲድ ቻርጀር ላይ ሊቲየም አይግጠሙ። ሁለቱን ጫፍ በመፍቻ እንዳያገናኙ ይጠንቀቁ፣ ትንሽ ቢመስልም ሽቦ ያቀልጣል። ፊውዙንም በሽቦ አይተኩት።

አንድ ነገር ላክል። ባትሪው 12 ስለሚል 12 ቮልት አዳፕተር የሚገዙ አሉ። ይህን ባትሪ ሞልቶ ለማቆየት ከ13.5 እስከ 13.8 ቮልት ያስፈልጋል። አዳፕተሩ 15 የሆነው ለዚህ ነው።

ሁሉም ተስተካክሎ ሳይረኑ አሁንም ከደከመ ሽቦውን ይጠርጥሩ። 0.22 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ቀጭን የአላርም ሽቦ 20 ሜትር ርቀት ላይ፣ ደርሶ መልስ 40 ሜትር ነው፣ በ1 አምፔር 3 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይበላል። በ1 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ግን የሚጠፋው 0.7 ቮልት ገደማ ብቻ ነው።

የጭስ ማንቂያውም ነገር ከዚሁ አይርቅም። ባለ 9 ቮልት ባትሪው ያለ ጭነት ሲለካ 9 ሊያሳይ ይችላል። ማንቂያው ግን በየተወሰነ ጊዜ ጭነት እየሰጠ ይፈትነዋል። ሌሊት ቤቱ ሲቀዘቅዝ የደከመ ባትሪ ይበልጥ ይደክማል፣ ጢጥ የሚለውም ያኔ ነው። በአዲስ ይቀይሩት። ድምፁ ሰለቸኝ ብለው ባትሪውን አውጥተው ባዶውን እንዳይተዉት አደራ።