ካፒታል ሌተር የት የት ይገባል?

«የሥራ ማመልከቻና ሲቪ በእንግሊዝኛ ስጽፍ ካፒታል ሌተር የት እንደሚገባ ግራ ይገባኛል፤ ሙሉውን በካፒታል ብጽፈውስ?» ብለሽ ለጠየቅሽን እህታችን።

ከመጨረሻው ልጀምር። ሙሉውን በካፒታል እንዳትጽፊው። እዚህ አዳማ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። «እንዲከበር በትልቁ ጻፍልኝ» የሚለኝ ደንበኛ ብዙ ነው። ሐሳቡ ይገባኛል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር ስለሌለው ካፒታልን እንደ ማድመቂያ እናየዋለን። እንግሊዝኛ ለለመደ አንባቢ ግን ገጹ ሙሉ በካፒታል ሲሆን የሚጮኹበት ነው የሚመስለው። ዓይንም ያደክማል። ትንንሾቹ ፊደላት ከፍ ዝቅ ስለሚሉ ቃሉ በቅርጹ ይለያል፤ ካፒታሎቹ ሁሉም እኩል ቁመት ናቸው።

ዐረፍተ ነገር ሲጀመር፣ የሰው፣ የከተማና የመሥሪያ ቤት ስም ሲጻፍ በካፒታል መሆኑን ታውቂዋለሽ። ሰው የሚሳሳተው ቀንና ወር ላይ ነው። «መንዴይ» እና «ሴፕቴምበር» የትም ይግቡ የት በካፒታል ይጀምራሉ። «ሰመር» እና «ዊንተር» ግን በትንሹ ናቸው። የቋንቋና የዜግነት ስምም በካፒታል ነው፤ ሲቪሽ ላይ የምትችያቸውን ቋንቋዎች ስትዘረዝሪ ይህን አትርሺ። «እኔ» የምትልበት «አይ» ደግሞ መሃል ላይም ብትገባ ሁሌ ካፒታል ናት። ቴሌግራም ላይ በትንሹ ለምደናታል፤ ማመልከቻ ላይ ግን ታስገምታለች።

ለምሳሌ «አይ ዋዝ ቦርን ኢን አዳማ ኢን ሴፕቴምበር» ብትዪ፣ ካፒታል የሚፈልጉት «አይ»፣ «አዳማ» እና «ሴፕቴምበር» ብቻ ናቸው። የሥራ መደብም እንዲሁ ነው። ከሰው ስም ፊት እንደ ማዕረግ ሲመጣ በካፒታል፤ «በአካውንታንትነት ሠርቻለሁ» ስትዪ ግን «አካውንታንት» በትንሹ ይጻፋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ለአክብሮት ብሎ ካፒታል ያበዛል። አያስፈልግም።

ፎርም ሌላ ነው። በእጅ የሚሞላ ሆኖ «በብሎክ ሌተር» ካለ ሙሉውን በካፒታል ሙዪ። የሰው የእጅ ጽሑፍ ስለሚለያይ እያንዳንዷ ፊደል ተለይታ እንድትነበብ ነው የሚፈለገው።

ሲቪውን ሁሉንም በካፒታል ጽፈሽው ከሆነ አታጥፊው። ዎርድ ላይ ጽሑፉን ምረጪና ሺፍት ይዘሽ ኤፍ 3ን ንኪ። ደጋግመሽ ስትነኪው ይቀያየራል። ከዚያ ስሞቹን አንድ በአንድ እዪ፣ እነሱንም ትንሽ ያደርግብሻልና። ላፕቶፕ ላይ ኤፍኤን የምትባለውንም አብረሽ መያዝ ሊኖርብሽ ይችላል።

አማርኛ ስትጽፊም ሺፍት ሥራ አላት። የእንግሊዝኛ ፊደል እየነካን በድምፁ አማርኛ በምንጽፍባቸው ኪቦርዶች «ቲ» ብቻዋን የ«ተ»ን ቤት ታመጣለች፤ ከሺፍት ጋር የ«ጠ»ን። «ኤን» ከ«ነ» ወደ «ኘ» ትሄዳለች። ስለዚህ ወደ አማርኛ ስትመለሺ ካፕስ ሎክ መጥፋቱን አረጋግጪ።

አዳማ ስለሆንሽ በአፋን ኦሮሞም ማመልከቻ መጻፍሽ አይቀርም። እዚያ «እኔ» የምትለው «አኒ» መሃል ላይ ስትገባ በትንሹ ናት፤ የእንግሊዝኛውን «አይ» ልማድ ይዘሽ አትሂጂ። በ«ዲ» እና በ«ኤች» ጥምር የሚጻፈው ድምፅም ዐረፍተ ነገር ሲጀምር ትልቅ የምትሆነው «ዲ» ብቻ ናት።

ስልክሽንና አድራሻሽን ከላዩ አጥፍተሽ ረቂቁን እዚሁ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።